ሳምቡሳውን ተዉትና መጀመሪያ መጥበሻውን እዩ



ዛሬ ስለ አዲስ መድኃኒት ወይም ስለ ላብራቶሪ ምርመራ አላወራችሁም። ስለ ሳምቡሳ ቤት ነው የማወራችሁ። አዎ፣ ስለዚያች የእንጨት አግዳሚ ስላላት፣ ግድግዳዋ በጭስ ስለጠቆረ፣ ከሻይና ከሳምቡሳ ውጪ ሌላ ነገር ስለማትሸጥ የድሮ ቤት።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። እኛ ሐኪሞች ደጋግመን የምንሰጠው አንድ ምክር አለ፦ «የውጭ ምግብ አትብሉ»። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ምክር ማለት ሰውየው ነገ ጠዋት ተነስቶ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ሊያደርገው የማይችለውን ነገር መንገር ግን ራሳችንን ከኃላፊነት ማውጣት ነው እንጂ እሱን መርዳት አይደለም።

እኔ የምሠራው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ክፍለ ከተማችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያው፣ ጋራዡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ የሚያልቀው እዚሁ ቃሊቲ ነው። ሠራተኛው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ይጠብቃል። ሌሊት ሽፍት የገባው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይወጣል። ብዙው ወጣት አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር ነው የሚኖረው። ቁርስ የሚሠራለት የለም፣ ራሱም ለመሥራት ጊዜ የለውም።

አንድ ቀን ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ለመጡ የከባድ መኪና ሾፌር ስለ አመጋገብ ማስረዳት ስጀምር ከአፌ ነጠቁኝና «ዶክተር፣ የውጭ ምግብ አትብላ እንዳትይኝ ብቻ! እኔ እኮ ቤቴ የመኪናዬ ጋቢና ነው። ታዲያ ምን ልብላ?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። የሚያስፈልጋቸው ምርጫ ማሳወቅ ነው፤ ክልከላማ ሞልቷል።

ታዲያ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የምታስተምረኝ አቃቂ ገበያ አካባቢ ያለች አንዲት ሳምቡሳ ቤት ናት። በሳምንት አንድ ሁለቴ ጠዋት ጎራ እላለሁ። ባለቤቷን «እትዬ» ነው የምላቸው። ምስሩ ተቀቅሎ በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ታሽቶ ይቀመጣል። ስስ የሆነው ሊጥ ተቆርጦ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ጫፉ በዱቄትና በውሃ ይለጠፋል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ቸስ! ሻይው በትንሽ ብርጭቆ፣ በቅርንፉድና በቀረፋ። አጠገባችሁ ማን እንደሚቀመጥ አታውቁም፤ ረዳት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ። ሳህኑን ወደ እናንተ ገፋ አድርገው «ብሉ እንጂ» ይላሉ።

ሳምቡሳ ዘመዱ ብዙ ነው

ነገሩን ሰፋ አድርገን እንየው። ሊጥ ውስጥ ምግብ ጠቅልሎ ማብሰል የዓለም ሁሉ ብልሃት ነው። ሳምቡሳ የሚለው ስም ራሱ ከፋርስና ከዓረብ የመጣ ነው። ኢብን ባቱታ የተባለው ተጓዥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ ቤተ መንግሥት ውስጥ በተፈጨ ሥጋ፣ በለውዝና በቅመም ተሞልቶ የተጠበሰ ሳምቡሳ መቅረቡን ጽፏል። እኛ ጋ ሲደርስ ሥጋው በምስር ተተካና የጾምም የፍስክም፣ የረመዳን ማፍጠሪያም የሠራተኛ ቁርስም ሆነ።

ቻይናዎች ደግሞ ጂያኦዚ የሚሉት አላቸው፤ በእንግሊዝኛው ዳምፕሊንግ የምንለው። በአፈ ታሪካቸው ይህን ምግብ የፈጠረው ሐኪም ነው ይባላል። ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለ ከ1,800 ዓመት በፊት የኖረ ስመ ጥር ሐኪም፣ በክረምት ብርድ ጆሮአቸው የቆሰለ ድሆችን አይቶ የበግ ሥጋና የሚያሞቅ ቅጠላ ቅጠል በጆሮ ቅርጽ ሊጥ ጠቅልሎ፣ ቀቅሎ ከነመረቁ ሰጣቸው ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት፣ እኔ ታሪኩን የምወደው ሐኪሙ ድሆቹን «ብርድ ላይ አትውጡ» ብሎ ባለማሰናበቱ ነው። ሊበሉት የሚችሉትን ነገር ሰጣቸው።

ይህ ምግብ የደራበት አንዱ አገር ታይዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ከቻይና ዋናው ምድር ከመንግሥታቸው ጋር የሸሹ ብዙ ሰዎች የስንዴ ምግባቸውን ይዘው ወደ ደሴቷ ገቡ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከአሜሪካ በእርዳታ የገባው ስንዴ ዱቄቱን አበዛው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሩዝ በሚበላበት አገር ትንንሽ የዳምፕሊንግ ቤቶች ተስፋፉ። አሁንም የድሮዎቹ ቤቶች አሉ፦ ቀለል ያለ ጠረጴዛ፣ የምታዙት በቁጥር፣ «አሥር ስጠኝ» ነው፣ ከጎኑ ሾርባ። ነገሩ ከእትዬ ቤት ብዙም አይርቅም።

ከታይዋን ቤቶች ሁለት ነገር መማር ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ እዚያ የተለመደው ዳምፕሊንግ የሚቀቀል ነው። የሚጠበሰውም አለ፣ ግን ውሃ ውስጥ የሚገባው ይበዛል። ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይሞቅም፣ ካሎሪም አይጨምርም። ዘይት ግን ለመጥበስ ወደ 170 እና 180 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሊጡም ይጠጣዋል። እያንዳንዱ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሚሠራው ፊት ለፊታችሁ ነው። በዓለም የታወቀው የታይዋን ምግብ ቤት ዲን ታይ ፈንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር የምግብ ዘይት መሸጫ ሱቅ ነበር። በ1972 ነው ወደ ዳምፕሊንግ የገባው። ዛሬ ሠራተኞቹ በመስታወት ውስጥ ሲጠቀልሉ ደንበኛው ቆሞ ያያል። እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ፦ የእትዬ ቤት መስታወት የላትም፣ መጥበሻዋ ግን በሩ ላይ ነው። ዘይቱን ታዩታላችሁ፣ እጃቸውን ታዩታላችሁ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ታያላችሁ። ሴራሚክ የተነጠፈበት ትልቅ ሆቴል ውስጥ ግን ኩሽናው የት እንዳለ እንኳን አታውቁም። ስለዚህ «ትልቅ ቤት ንጹሕ ነው፣ ትንሽ ቤት ቆሻሻ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ እንተወው። ንጽሕና የሚታየው በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይደለም። ማየት ከቻላችሁ ግማሹን ምርመራ ጨርሳችኋል።

ውስጡ ያለው መልካም ነገር

ምስርን አትናቁት። 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም ፕሮቲንና ወደ 8 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው። አሰሩ ያጠግባል፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያቀዘቅዛል፣ ሆድ ድርቀትን ይከላከላል። ፎሌትና ብረትም አለው። ባዶ ሆዱን ወጥቶ እስከ 6 ሰዓት ከሚቆይ ሠራተኛና ሁለት የምስር ሳምቡሳ ከበላ ሠራተኛ የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ እኔ ሳላመነታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፓስቲና ቦምቦሊኖ ከሚበላው ጋር ካወዳደራችሁት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ እነሱ ውስጣቸውም ሊጥ ነው፣ ውጫቸውም ሊጥ።

ስለዚህ ችግሩ ሳምቡሳው አይደለም። ችግሩ ሳምቡሳው የሚዋኝበት ነው።

ዘይቱ

ዘይት በተደጋጋሚ ሲግል ይበላሻል። ከአየር፣ ከምግቡ እርጥበትና ከሙቀቱ ጋር ተዳምሮ ተፈጥሮው ይቀየራል፦ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ከበፊቱ ባነሰ ሙቀት ይጨሳል። በዚህ ጊዜ ለሰውነት የማይጠቅሙ አዳዲስ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች እነዚህ ውሕዶች ከዘይቱ ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርሱ ዘይቱ እንዲደፋ ያዛሉ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ደጋግሞ የጋለ ዘይት የደም ሥር ግድግዳን እንደሚጎዳና ደም ግፊትን እንደሚጨምር ታይቷል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ያን ያህል የጠነከረ አይደለም። እኔ ግን የደም ግፊት ሕመምተኛዬ ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ በጥቁር ዘይት የተጠበሰ ነገር እንዲበላ አልፈልግም።

ሌላም አለ። ሊጥ በጣም ሲጠቁር አክሪላማይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ናቸው በምግብ ውስጥ መኖሩን ለዓለም ያሳወቁት። በምግብ መጠን ሰው ላይ ካንሰር ለማምጣቱ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ስለዚህ አትደንግጡ። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ወርቃማ የሆነውን ብሉ፣ ቡናማ ሆኖ ያረረውን ተዉት።

የዘይቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ (ሳቹሬትድ ፋት) ነው። ለመጥበስ ቶሎ አይበላሽም፣ ርካሽም ነው፣ ነጋዴው የሚመርጠው ለዚህ ነው። ለልብና ለደም ሥር ግን የሱፍ፣ የኑግ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት የተሻለ ነው።

እትዬን አንድ ቀን «ይሄን ዘይት ስንት ጊዜ ይጠብሱበታል?» አልኳቸው። ሳቁና «እስኪጠቁር ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ሲጠቁርስ?» ስላቸው «ዱሮ እደፋው ነበር። ዘይት ከተወደደ ወዲህ ግን ከላዩ አዲስ እጨምርበታለሁ» አሉ። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የትርፍና የኪሳራ ሂሳብ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ አዲስ ሲጨመርበት አሮጌው የሚታደስ ይመስለዋል። አይታደስም፤ እንዲያውም አሮጌው አዲሱን ቶሎ ያበላሸዋል።

ታዲያ «ድፉት» ብዬ ብመጣ ኖሮ እኔም ያው ክልከላ ነበር የያዝኩት። ያልኳቸው ሌላ ነው፦ «ትልቁን መጥበሻ በትንሽ ድስት ይለውጡት።» ሰፊ መጥበሻ ብዙ ሊትር ዘይት ይፈልጋል፣ አየር የሚነካውም ብዙ ነው፣ ለቀኑ ስለሚተርፍ ለነገ ይቀመጣል። ጠባብና ጠለቅ ያለ ድስት ግን በትንሽ ዘይት ይሞላል። ሳምቡሳው ዘይቱን ሲጠጣው እየጨመሩ ከሄዱ ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ያልቃል፤ የሚደፋ ብዙ ነገር አይኖርም። የተረፈው ደግሞ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ፣ ተከድኖ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ የወደቀው ፍርፋሪ ነው በፍጥነት የሚያሳርረው። ጨውም ከዘይቱ ውስጥ መግባት የለበትም። ሞከሩት። አሁን በሩ ላይ የተጣደው ትንሹ ድስት ነው። እኔ የምጽፈው ማዘዣ ሁሉ እንዲህ ቢተገበር ብዬ ተመኘሁ።

ዘይት ላይ መቀለድ የሚያስከትለውን ለማየት ወደዚያችው ወደ ታይዋን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አምራች ከቆሻሻ የተሰበሰበና ዳግም የተጣራ ዘይት ከምግብ ዘይት ጋር ቀላቅሎ ሲሸጥ ተደረሰበት። ዘይቱ ከሺህ በላይ ምግብ ቤቶችና አምራቾች ጋ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የጤና ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ የምግብ ደህንነት ሕጉም ጠበቀ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ምግብ በመስታወት ውስጥ በሚሠራበት አገር ነው። መስታወት የሚያሳየው እጅን ነው፤ የዘይቱን ምንጭ የሚያሳየው ቁጥጥር ብቻ ነው። እኛም አገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። አዋጁ ግን የሚሠራው ወርዶ እስከ መጥበሻው ሲደርስ ነው።

ከመጥበሻው ከወጣ በኋላ

አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፣ ተቅማጥ… እነዚህን ሁሉ በሳምቡሳ የምናሳብብ አለን። ግን አስቡት፦ በ170 ዲግሪ ዘይት ውስጥ የትኛው ጀርም ይተርፋል? ትኩስ ሳምቡሳ ሲወጣ ከጀርም አንጻር ከብዙ ምግብ የተሻለ ነው። በሽታው የሚመጣው ከወጣ በኋላ ነው። ብር የተቀበለ እጅ ያነሳዋል። ውሃው ተበርዞ የቀረበው ዳጣ ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ይውላል፤ ያ ሁሉ ሰው የነከሰውን ሳምቡሳ ያጠቅስበታል። ከጎኑ በጥሬው የሚቀርበው ሰላጣና ቃሪያ በምን ውሃ እንደታጠበ አይታወቅም። አቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ ጎመንና ሰላጣ እንዳለ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ የወንዙ ውሃ ደግሞ ከተማውን ሙሉ አቋርጦ ቆሻሻውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በወንዝ ውሃ የበቀለ ቅጠል በደንብ መብሰል አለበት፤ ማጠብ ብቻ አይበቃውም።

አንድ ነገር ግን ከመጥበሱ በፊትም ያሳስበኛል፤ ማታ ተቀቅሎ በክፍሉ ሙቀት ያደረ ምስር። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል፤ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሙቅ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ ነው የሚለው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ባደረው ምግብ ላይ የሚረጩት መርዝ በመጥበስ አይጠፋም። ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። በበላችሁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያስመልሳችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምስሩ በጠዋት ይቀቀል።

ስለ ሻይው፣ ስለ ጨውና ስለ ስኳሩ

ሻይ ስንት ማንኪያ ስኳር ትጨምራላችሁ? ሦስት? አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው፤ ሦስቱ 12 ግራም። በቀን አራት ሻይ ከጠጣችሁ 48 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚለው ከ50 ግራም ያነሰ፣ ቢቻል 25 ግራም ነው። ይህ ገና ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ሳይቆጠር ነው። ሻይውን ተዉ አልልም፣ ማንኪያውን በየሳምንቱ በግማሽ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል።

የደም ማነስ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የወር አበባ የሚበዛባችሁ እህቶች ደግሞ ይህችን አስታውሱ፦ ሻይ (ቡናም እንዲሁ) የምስሩ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል። ሻይውን ከበላችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጡ። በሳምቡሳው ላይ ሎሚ ጭመቁበት ወይም በንጹሕ ውሃ በደንብ የታጠበ ቃሪያ ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባዋል።

ጨው ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት የኢትዮጵያዊ አዋቂ አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ነው የተገኘው። የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ምስሩ ውስጥ ያለው ጨው ይበቃዋል፤ ከላይ የሚነሰነሰውን ሚጥሚጣና ጨው ይተው።

ከመቀመጣችሁ በፊት አምስት ነገር እዩ

1. ዘይቱን። የድስቱ ታች ይታያል ወይስ ጥቁር ሆኗል? እየጨሰ ነው? ከሩቅ የሚከረፋ ሽታ አለው? ከሆነ እለፉ።

2. እጁን። ብር የሚቀበለው ሰውና ሳምቡሳ የሚያነሳው ሰው የተለያዩ ናቸው? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ምግቡን የሚያነሳው በመቆንጠጫ ነው?

3. ውሃውን። ሳሙና ያለበት እጅ መታጠቢያ አለ? ብርጭቆው በሚፈስ ውሃ ነው የሚታጠበው ወይስ አንድ ባልዲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይነከራል? በባልዲው የሚነከር ከሆነ ሻይውን የፈላ ሆኖ፣ ራሳችሁ በያዛችሁት ኩባያ ተቀበሉ።

4. ዳጣውን። ተከድኗል? ለየሰዉ በትንሽ ሳህን ይቀዳል? ካልሆነ ይቅርባችሁ።

5. ወረቀቱን። በጋዜጣ ወይም በተጻፈበት ደብተር ወረቀት አትቀበሉ። ትኩሱ ዘይት ቀለሙን ወደ ምግቡ ይጎትተዋል። የሕንድ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። ንጹሕ ሶፍት ወይም ሳህን ጠይቁ፣ ከቤትም ዕቃ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ።

አምስቱን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እና አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ የወጣውን ጠይቁ። «ትኩስ አለ?» ማለት የጥጋበኛ ጥያቄ አይደለም፤ የጤና ጥያቄ ነው።

ስንት ልብላ?

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጤነኛ ከሆናችሁና ሥራችሁ ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሁለት የምስር ሳምቡሳ ቁርስ ቢሆን አልቃወምም። ቀሪውን ቀን ቅንጬ፣ ፉል፣ ገብስ ገንፎ ወይም ሽሮ ያላቸውን ቤቶች ፈልጉ፤ እነሱም ያው ከእትዬ ቤት የማይርቁ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለባችሁ ግን የተጠበሰውን ለአልፎ አልፎ አድርጉት። ቃር የሚያስቸግራችሁም ቅባት እንደሚያባብሰው እወቁ። ለልጆች ቤት ውስጥ ብትሠሩ ደግሞ በምጣድ ወይም በኦቭን ትንሽ ዘይት ቀብቶ ማብሰል፣ ወይም እንደ ታይዋኖቹ በእንፋሎት መሞከር ይቻላል። ጥርት ብሎ አይንኮሻኮሽም፣ ግን ያጠግባል።

ሾፌሩ ጋሼም ለጥያቄያቸው ያገኙት መልስ ይኸው ነው፦ መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ ጋቢናዎ ውስጥ ሙዝና የታሸገ ውሃ ይያዙ፣ መንገድ ላይ ሲቆሙ ፉል ወይም ሽሮ ያለበትን ቤት ያስቀድሙ፣ ሳምቡሳ ካማረዎት ደግሞ መጀመሪያ መጥበሻውን ይዩ።

ለማን ነው የምናገረው?

ለተመጋቢው ብቻ አይደለም። ክፍለ ከተማና ወረዳ ላይ ያላችሁ የጤናና የንግድ ሠራተኞችም የምታነቡኝ አላችሁ። የምግብ አዘጋጅ የጤና ምርመራ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ጥሩ ነው፤ ግን ወረቀት እጅ አይታጠብም። እነዚህን ቤቶች ከማሸግ በፊት የጋራ የውሃ ቧንቧ ብታስገቡላቸው፣ ያገለገለ ዘይት የሚሰበሰብበት ቦታ ብታዘጋጁላቸው (ሳሙና ይሠራበታል፣ ነዳጅም ይሠራበታል)፣ ለግማሽ ቀን ሥልጠና ብትሰጧቸው፣ ከቅጣቱ ይልቅ ይህ ብዙ ሰው ከተቅማጥ ያድናል ብዬ አምናለሁ። የታሸገችው ቤት ደንበኛ እኮ ቤቱ ሄዶ አይበላም። ከዚያች የባሰች ቤት ነው የሚሄደው።

እኛ ተመጋቢዎችም ድርሻ አለን። ዘይት የምትቀይር ቤት ሳምቡሳዋን በትንሽ ብር ጨምራ ብትሸጥ አትቆጡ። ያችን ብር የከፈላችሁት ለሳምቡሳው አይደለም፣ ለልባችሁ ነው። ደግሞም በትህትና ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ዘይቱ የዛሬ ነው?» አንድ ሰው ቢጠይቅ ይስቃሉ፣ አሥር ሰው ቢጠይቅ ዘይቱ ይቀየራል።

በእናንተ ሰፈር በዚህ መመዘኛ የምታልፍ ሳምቡሳ ቤት ካለች ለጓደኛችሁ ጠቁሙት። ጽሑፉን ደግሞ ጠዋት ሰርቪስ ለሚጠብቅ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ላኩለት።